በራጃጂ ሐዲድ ላይ ዝሆን ያልሞተባቸው ዓመታት

በሕንድ ባቡር ዝሆን ገጨ የሚለው ዜና አዲስ አይደለም። የአገሪቱ መንግሥት ባወጣው አኃዝ ከ2009/10 እስከ 2020/21 ባለው ጊዜ ብቻ 186 ዝሆኖች በባቡር ተገጭተው ሞተዋል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከእነዚህ ውስጥ 62ቱ የሞቱት በአሳም፣ 57ቱ ደግሞ በምዕራብ ቤንጋል ነው። በሰሜን ግን የተለየ ታሪክ ያለው አንድ መስመር አለ። ቀድሞ በዝሆን ሞት ስሙ የሚነሳ መስመር ነበር። ከ2002 በኋላ ግን ለአሥር ዓመት ገደማ አንድም ዝሆን ሳይሞትበት ቆየ። ለዚያም የተገነባ ድልድይ ወይም የተገዛ ውድ መሣሪያ አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ ያ እንዴት እንደሆነ፣ በኋላስ ለምን እንደላላ ይናገራል። በሥራው ላይ የነበሩ ሰዎችን ስም አልጠቅስም፤ ቦታውና ተቋማቱ ይበቃሉ።

ቦታው

ራጃጂ በኡታራካንድ ግዛት፣ በሂማሊያ ተራሮች ግርጌ የሚገኝ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሦስት የዱር እንስሳት መጠለያዎች በ1983 ተዋሕደው ተመሠረተ፤ በ2015 ደግሞ የነብር ጥብቅ ክልል ሆነ። የብሔራዊ ፓርኩ ስፋት 820 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጋንጅስ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ ዝሆኖች አሉበት።

ከሐሪድዋር ወደ ደሕራዱን የሚሄደው ባቡር በዚህ ጫካ መሀል 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መስመሩ ሥራ የጀመረው በ1900 ነው። የእኛው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። ሐሪድዋር የሒንዱ ምዕመናን ጋንጅስ ውስጥ ለመጠመቅ የሚጎርፉባት ቅድስት ከተማ ናት። ስለዚህ መስመሩ ተሳፋሪ አጥቶ አያውቅም። ባለ አንድ ሐዲድ መስመር ነው። ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

እንግዲህ ፓርኩ የመጣው ባቡሩ ከገባ ከ80 ዓመት በኋላ ነው። ዝሆኑ ግን ከሁለቱም በፊት እዚያው ነበር። "ማን ቀደመ" የሚለው ክርክር እዚህ ብዙም አያራምድም። የሁሉም መንገድ አንድ ቦታ ላይ ተቋርጧል፤ ጉዳዩ እዚያ ላይ ነው።

ችግሩ

ከ1987 ጀምሮ እስከ አዲሱ ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ በዚህ አጭር መስመር ላይ 20 ያህል ዝሆኖች ሞቱ። ቁጥሩ ብዙ የማይመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ዝሆን ግን እንደ ፍየል በየዓመቱ አይወልድም። አንዲት ዝሆን ለሁለት ዓመት ትንሽ ፈሪ ጊዜ ታረግዛለች፤ ከወለደችም በኋላ የሚቀጥለውን ለማርገዝ ዓመታት ይወስድባታል። በዚያ ላይ የሞተችው መንጋውን የምትመራው አሮጊት ከሆነች ችግሩ በእሷ አያበቃም። በድርቅ ጊዜ ውኃ የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ናትና።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "ነጂው ለምን ፍሬን አይዝም?" ይላል። ባቡር መኪና አይደለም። ብረት በብረት ላይ ነው የሚሄደው፤ የሚይዘው ነገር ትንሽ ነው። በፍጥነት የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ብዙ መቶ ሜትር ይንሸራተታል። የጭነት ባቡር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሌሊት ለመቆም የፊት መብራቱ ከሚያሳየው የበለጠ ርቀት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ኩርባ ላይ ከሆነማ መብራቱ የሚያበራው ዛፍ ነው እንጂ ሐዲዱን አይደለም። ነጂው ዝሆኑን ሲያየው ነገሩ አልቋል።

"ዝሆኑስ ለምን ዞር አይልም?" የሚለውም ጥያቄ አለ። መልሱ ያለው መሬቱ ላይ ነው። ሐዲዱ ኮረብታ ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቦታ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ ነው። አንዲት ዝሆን ግልገሏን አስከትላ ሜዳ በሆነው በኩል ሐዲዱ ላይ ትወጣለች። የሚመቻት መውጫ ትንሽ ራቅ ይላል፤ ስለዚህ በሐዲዱ ላይ ወደዚያው ትሄዳለች። በዚህ መሀል ባቡሩ ከኋላ ይመጣል። ድምፁ ከሁለቱ ግድግዳዎች እየተላተመ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። እናቲቱ ምናልባት ግድግዳውን ልትቧጥጥ ትችል ይሆናል፤ ግልገሉ ግን አይችልም። እናት ደግሞ ግልገሏን ትታ አትወጣም። ስለዚህ ያላት መንገድ አንድ ነው፤ በሐዲዱ ላይ ወደ ፊት መሮጥ። ያ ደግሞ የባቡሩም መንገድ ነው።

መንጋም ጥሎ አይሄድም። በመስከረም 2010 በሰሜን ቤንጋል፣ ባናርሃት አጠገብ ግልገሎች ሐዲድ ላይ ተይዘው ሌሎቹ ሊያስጥሉ ሲሰበሰቡ አንድ የጭነት ባቡር ደረሰባቸው። ሰባት ዝሆኖች በአንድ ሌሊት ሞቱ።

መጀመሪያ የተሠራው፦ መዝገብ መክፈት

በራጃጂ ሥራውን የጀመሩት ሦስት ወገኖች ናቸው። አንደኛው የግዛቱ የደን መሥሪያ ቤት ነው። ሁለተኛው የሰሜን ባቡር የሚባለው የሕንድ ባቡር ክፍል፣ ሦስተኛው ደግሞ የሕንድ የዱር እንስሳት ትረስት የተባለ አገር በቀል ድርጅት ነው። ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ በራሱ ቀላል አልነበረም። የደን ሰው ባቡሩን እንደ ነፍሰ ገዳይ ያያል። የባቡር ሰው በበኩሉ ዝሆኑ የሚያስረፍደው መሰናክል ነው የሚመስለው።

እኔን በዚህ ጉዳይ የሳበኝ ነገር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ወዲያው አጥር ወደ ማጠር ወይም የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ወደ መትከል አልሮጡም። ያለፉትን አደጋዎች አንድ በአንድ አወጡ። የት ሞተ? በስንት ሰዓት? በየትኛው ወር? መሬቱ ምን ይመስላል? ዝሆኑ ከየት ተነስቶ ወዴት እየሄደ ነበር? የመጨረሻዋ ጥያቄ ቁልፏ ናት።

መልሱ ሲጠራቀም መልክ ያዘ። አብዛኛው ሞት ሌሊት ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ። አብዛኛው ደግሞ ከጥር እስከ ሰኔ፣ ማለትም ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት ደረቅ ወራት ነው። በ18ቱም ኪሎ ሜትር ላይ እኩል አልተበተነም። ሞቲቹርና ካንስራዎ በሚባሉት ጣቢያዎች አካባቢ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ተከማችቷል። እነዚያ ቦታዎች ደግሞ ወይ ኩርባ ናቸው፣ ወይ ግራ ቀኛቸው ገደል የሆነ መተላለፊያ ናቸው፣ ወይ ሁለቱንም ናቸው።

ምክንያቱም ታወቀ። በደረቁ ወራት ጫካ ውስጥ ያሉት ጅረቶች ይደርቃሉ። አንድ ትልቅ ዝሆን በቀን እስከ 200 ሊትር ውኃ ይጠጣል። የማይደርቁት ሶንግና ሱስዋ የሚባሉት ወንዞች ያሉት ከሐዲዱ ማዶ ነው። ከወንዞቹ አልፎ የገበሬ ማሳ አለ፤ ስንዴና ሸንኮራ አገዳ። ዝሆኑ ቀን ሰው ስለሚፈራ ማታ ይወርዳል፣ ጠጥቶና በልቶ ንጋት ላይ ይመለሳል። በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ሐዲድ ያቋርጣል ማለት ነው።

ሌላም ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ፤ ሐዲዱ ራሱ ምግብ ነበረው። ከምግብ ፉርጎ የሚደፋ ትርፍራፊና ተሳፋሪው በመስኮት የሚወረውረው የሙዝና የብርቱካን ልጣጭ እንስሳውን ይጠራል። ለማቋረጥ ብቻ የመጣው ዝሆን ቆም ብሎ ይለቃቅማል። ፌስታሉንም አብሮ የሚውጥ አለ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

እርምጃዎቹ ከመዝገቡ ነው የወጡት። እያንዳንዱ ለአንድ የታወቀ ምክንያት መልስ ነበር።

ገደሉን መደርመስ፦ በጣም አስጊ በሆኑት ቦታዎች ቀጥ ያለው የአፈር ግድግዳ እየተቆረጠ ተዳፋት እንዲሆን ተደረገ። ዝሆን፣ ግልገሉም ጭምር፣ በየትኛውም ጎን ከሐዲዱ መውጣት እንዲችል ነው። ከሁሉም ርካሹ ሥራ ይህ ነበር፤ አካፋ፣ ዶማና ጥቂት ማሽን። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም ብልሁም እሱ ነው። ዝሆኑን መንገድ ከልክሎ ሳይሆን መውጫ ሰጥቶ ነው የሚያድነው።

ኩርባውን መግለጥ፦ ከሐዲዱ ዳር ያለው ቁጥቋጦ ተመነጠረ። ነጂው ከኩርባው ማዶ ያለውን ቀደም ብሎ እንዲያይ፣ ዝሆኑም የሚመጣውን መብራት እንዲያይ። ይህ ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም። ክረምት በገባ ቁጥር ቁጥቋጦው ተመልሶ ይበቅላል።

ውኃ ማቅረብ፦ ዝሆኑ ሐዲድ የሚያቋርጠው ለውኃ ከሆነ ውኃው ወደ እሱ ይምጣ የሚል ሐሳብ ነው። በጫካው በኩል ኩሬዎች ተቆፈሩ፤ የነበሩትም ተጠረጉ። ጉዞው ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ማሳው ማዶ እስካለ ድረስ አይቀርም። ግን ለውኃ ብቻ ይወርድ የነበረው ቀነሰ።

የሌሊት ጥበቃ፦ የሥራው ልብ ይህ ነበር። የደን ጠባቂዎችና የድርጅቱ ሰዎች፣ የባቡሩም ሠራተኞች ተጨምረው፣ አስጊ በሆነው ክፍል ሌሊት በእግራቸው ሐዲዱን ይከተላሉ። መሣሪያቸው ባትሪ፣ ዱላና የእጅ ሬዲዮ ነው። ትኩስ ኮቴ፣ ትኩስ ፋንድያ፣ የሚሰበር ቅርንጫፍ ድምፅ ይከታተላሉ። መንጋ ወደ ሐዲዱ ሲጠጋ በአቅራቢያው ላለው ጣቢያ ተረኛ በሬዲዮ ይናገራሉ። ተረኛው ለነጂው ያስተላልፋል። ነጂው ያንን ክፍል ቀስ ብሎ ያልፈዋል። ሰንሰለቱ ይኸው ነው። አንዷ ቀለበት ብትጎድል፣ ለምሳሌ ተረኛው ሬዲዮውን ባይሰማ፣ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ከነጂዎች ጋር መነጋገር፦ ነጂዎችና የጣቢያ ሠራተኞች ሥልጠና ተሰጣቸው። የት የት አስጊ እንደሆነ የሚያሳዩ ሰሌዳዎች ተተከሉ፤ የፍጥነት ገደብም መጣ። የምግብ ትርፍራፊ ፓርኩ ውስጥ እንዳይጣል ለምግብ አቅራቢዎች ተነገረ፤ የተጣለውም ተለቀመ።

የሠራው

ከ2002 በኋላ በዚህ መስመር ላይ ዝሆን መሞቱ ቆመ። ለአሥር ዓመት ገደማ አልተመለሰም። በዚያው ጊዜ በሰሜን ቤንጋል፣ ከሲሊጉሪ አሊፑርዱዋር ባለው መስመር ላይ ነገሩ በተቃራኒው ነበር። እዚያ ጠባቡ ሐዲድ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰፊ ተቀየረ። ባቡሩ በዛ፣ ፈጠነ፣ የዝሆን ሞትም አብሮ አሻቀበ።

የትኛው እርምጃ ስንት ዝሆን እንዳዳነ ነጥሎ መናገር አይቻልም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የተሠሩት። የእኔ ግምት ግን ተዳፋቱና የሌሊት ጥበቃው ናቸው ዋናዎቹ። ተዳፋቱ ሰው ቢተኛም ይሠራል። ጥበቃው ደግሞ መሬቱ የማያውቀውን ያውቃል፤ ዛሬ ማታ መንጋው የት እንዳለ።

አንድ ሌላ ውጤት አለ፤ በቁጥር አይታይም። የባቡር ነጂው ዝሆን የሚያይበት ዓይን ተቀየረ። ከአንድ የደን ጠባቂ ጋር አብሮ የተቀመጠና ገደሉን በእግሩ ያየ ነጂ "እዚህ ቀስ በል" የሚለውን ሰሌዳ እንደ ሌላው አያነበውም።

ያልሠራው፣ የላላው

ሰሌዳ ብቻውን አይሠራም። በየቀኑ የሚያልፍበት ነጂ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰሌዳውን ማየት ይተዋል። ሥልጠናውም ቢሆን ነጂው ወደ ሌላ መስመር ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። አዲሱ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

ፍጥነት መቀነስ ሁልጊዜ የሚያጨቃጭቅ ነው። የደን ሰው "ቀስ በሉ" ይላል። የባቡር ሰው ደግሞ የሰዓት ሰሌዳ አለው፤ በደረሰበት ጣቢያ የሚያስረፍደው ሌላ ባቡር አለ፤ ለዘገየበትም ደቂቃ ይጠየቃል። ነጂው በሁለቱ መሀል ነው። ወረቀት ላይ ያለ የፍጥነት ገደብና ሐዲድ ላይ ያለ ፍጥነት ሁሌ አንድ አይደሉም። ይህን የሚፈታው ጥሩ ፈቃድ አይደለም። ያ ዝግታ በሰዓት ሰሌዳው ውስጥ አስቀድሞ ካልተቆጠረ ነጂው ሕግ ባከበረ ቁጥር ይቀጣል ማለት ነው።

ተሳፋሪውን በሙሉ ከመስኮት አትጣል ብሎ ማሳመንም አልተቻለም። የምግብ ፉርጎውን መቆጣጠር ይቻላል። በሺህ የሚቆጠር መስኮትን መቆጣጠር ግን አይቻልም።

ከዚያ የሁሉም ሥራ ዕጣ የሆነው መጣ። ለአሥር ዓመት ዝሆን ካልሞተ ችግሩ ያለቀ ይመስላል። ችግሩ ያለቀ ሲመስል ደግሞ ለሌሊት ጥበቃ አበል መክፈል ብክነት ይመስላል። ከ2010ዎቹ ጀምሮ በዚህ መስመር ላይ ዝሆን እንደገና መገጨት ጀመረ። በ2018 መጀመሪያ በተከታታይ ወራት የደረሱት አደጋዎች ጉዳዩን መልሰው አደባባይ አወጡት። የቀድሞውን ያህል ባይሆንም ዜሮ መሆኑ ቀረ።

ባቡሩ ብቻ አይደለም ደግሞ። ዝሆኖች ከፓርኩ ምዕራብ ወደ ምሥራቁ የሚሻገሩበት የሞቲቹር–ቺላ መተላለፊያ ላይ ሐዲዱ፣ አውራ ጎዳናው፣ የኃይል ማመንጫ ቦይና መንደር ተደራርበዋል። አንድ መንደር ተነስቶ ሌላ ቦታ ሰፈረ። ለአውራ ጎዳናው መሸጋገሪያ ድልድይ ታቀደ፤ ግንባታው ለዓመታት ተጓተተ። በሐዲዱ ላይ የዳነ ዝሆን ጥቂት ሜትር ርቆ አስፋልት ላይ የሚቆም ከሆነ የባቡሩ ሰው ድካም ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ የሚችለው

የራጃጂ ኩሬ ተገልብጦ ሌላ አገር አይቆፈርም። የሚገለበጠው አሠራሩ ነው፤ መጀመሪያ መዝገብ፣ ከዚያ መፍትሔ። ካናዳ ውስጥ በባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ግሪዝሊ ድቦች በባቡር ሲሞቱ የባቡር ኩባንያውና የፓርኩ አስተዳደር ለአምስት ዓመት የዘለቀ ጥናት አስጠኑ። እዚያ ከተገኙት ምክንያቶች አንዱ ከጭነት ፉርጎ በር የሚንጠባጠብ እህል ነበር። ዝሆኑን ውኃ፣ ድቡን ስንዴ ጠራው። ስለዚህ የፉርጎ በር መጠገን ድብ ማዳን ሆነ። መዝገብ ባይኖር ይህን ማን ያስባል?

አጥርን በተመለከተ ጠንቀቅ ማለት ይሻላል። አጥር ግጭትን ያቆማል፤ መንገድንም ያቆማል። ኬንያ በ2017 የተከፈተውን የሞምባሳ–ናይሮቢ መስመር በጻቮ በኩል ስታሳልፍ ሐዲዱን ከፍ ባለ ድልድል (የአፈር ክምር) ላይ አድርጋ አጠረችው፤ ለእንስሳት ግን ከሥር ማለፊያዎች ተተዉ። አንገታቸው ላይ መከታተያ የታሰረላቸው ዝሆኖች ማለፊያዎቹን ሲጠቀሙ ታይተዋል። አጥር ያለ ማለፊያ ግን ፓርክን ለሁለት መቁረጥ ነው። ድሮ ተሠርቶ ያለቀ መስመር ላይ ማለፊያ መቆፈር ደግሞ ከመጀመሪያው ከመሥራት በእጅጉ ይወደዳል።

ቴክኖሎጂውም እየመጣ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የባቡር መሥሪያ ቤቱ በማቋረጫዎች ላይ የንብ ድምፅ የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ተክሏል፤ ዝሆን ንብ ይፈራልና። በሐዲዱ ሥር የተቀበረ የፋይበር መስመር የዝሆንን እርምጃ ንዝረት ለይቶ የሚያስጠነቅቅበት ሥርዓትም አለ። በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ ግዛት፣ ማዱካራይ በሚባለው የጫካ ክፍል በየካቲት 2024 በ12 ማማዎች ላይ ሙቀት የሚያዩ ካሜራዎች ሥራ ጀምረዋል። እነዚህ ሁሉ የሌሊት ጠባቂውን ዓይን ነው የሚተኩት። ከዓይኑ በኋላ ያለው ሰንሰለት ግን ያው የራጃጂው ነው፤ ካሜራው ያያል፣ አንድ ሰው ይቀበላል፣ አንድ ነጂ ይዘገያል። ተረኛው ስልኩን ካላነሳ ካሜራው ቪዲዮ ቀረጸ ማለት ብቻ ነው።

ወደ እኛው መስመር ስንመጣ

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ ጀመረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ አልፎ በከረዩ፣ በአፋርና በኢሳ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት ውስጥ ይሄዳል። እዚህ የሚገጨው በአብዛኛው ዝሆን ሳይሆን ግመልና ከብት ነው። የሞተው እንስሳ ባለቤት አለው፤ ስለዚህ ወሬው ቶሎ ወደ ካሳ ይሄዳል። ስንት ይከፈል፣ ለማን ይከፈል፣ እረኛው የት ነበር።

ካሳ የሚገባው ሰው ካሳውን ያግኝ። ግን ካሳ ከሞት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ የሚቀጥለውን ግመል አያድንም። በራጃጂ የተጠየቁት ጥያቄዎች እዚህም ቃል በቃል ይሠራሉ። በየትኛው ኪሎ ሜትር? በበጋ ነው በክረምት? ሌሊት ነው ቀን? መንጋው ወደ ውኃ እየወረደ ነበር ወይስ እየተመለሰ? ለእነዚህ መልስ ለመስጠት ዝሆን ኮቴ የሚከተል ባለሙያ አያስፈልግም። እረኛው ራሱ ያውቀዋል። ከብቱ በየትኛው ሰዓት ወደ አዋሽ እንደሚወርድ፣ የትኛው ማቋረጫ እንደጠበበ፣ የት ጋ ግመል ከድልድሉ ላይ መውረድ አቅቶት እንደሚደናበር ከእሱ የተሻለ የሚነግር የለም። የካሳ ፎርሙ ላይ አምስት መስመር ቢጨመር፣ ለክፍያ የመጣ ሰው ሁሉ የሞተበትን ቦታ፣ ሰዓትና ምክንያት ቢያስመዘግብ፣ ከሁለት በጋ በኋላ መጀመሪያ የትኛው ገደል እንደሚደረመስና የት ኩሬ እንደሚቆፈር ካርታው ላይ ይታያል።